በአመክንዮ ፈተና የሚመጡ የአናሎጂ ጥያቄዎች፦ የት ላይ ማየት እንዳለብን

በኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና)፣ በጂማት (የቢዝነስ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ወይም በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሎጂክ ኮርስ ላይ አናሎጂ ያለበት፣ ማለትም ስለ አንድ ነገር የሚታወቀውን ይዞ ስለ ሌላ ተመሳሳይ ነገር የሚደመድም ጥያቄ ሲመጣ፣ ብዙ ተፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሁለቱ ነገሮች ይመሳሰላሉ ወይ?» ብሎ ነው። በዚህ ከተጀመረ መውጫ የለውም። የትኞቹም ሁለት ነገሮች በሆነ ነገር ይመሳሰላሉ፣ በሆነ ነገር ደግሞ ይለያያሉ። ስለዚህ ከአምስቱ አማራጮች ሦስቱ «ያስኬዳል» ይመስሉና ተማሪው በስሜት አንዱን አክብቦ ያልፋል።

የሚሠራው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ነገር ያንን ውጤት ያገኘው በምን ምክንያት ነው? ያ ምክንያት ሁለተኛውም ጋ አለ ወይ? አጠናክሩ፣ አዳክሙ፣ ያልተነገረውን ግምት አውጡ፣ ስህተቱን ንገሩ የሚሉት የጥያቄ ዓይነቶች ሁሉ ከዚህ ይመዘዛሉ። ሁለት ለየት ያሉ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱን ወደ ኋላ አነሣቸዋለሁ።

ነገሩ አሁን ከድሮው ይበልጥ ያስፈልጋል። ኤልሳት ሎጂክ ጌም የሚባለውን፣ በተሰጡ ደንቦች ነገሮችን የማደራጀት እንቆቅልሽ የሚቀርብበትን ክፍል ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስቀርቷል። ነጥብ የሚያዝባቸው ሦስት ክፍሎች ሆነዋል፤ ሁለቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ (አጫጭር ሙግቶችን መመርመር)፣ አንዱ ንባብ። እያንዳንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ሲሆን፣ በአንዱ ሎጂካል ሪዝኒንግ ከ24 እስከ 26 ጥያቄ ይቀርባል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ፣ ቢበዛ ትንሽ ፈቀቅ ያለ ጊዜ ነው ያለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመመሳሰል ዝርዝር ሲያወጡ መቆየት አይቻልም።

ቀስ ብለን አንድ ሙግት እንፍታ።

«የከተማ ምክር ቤት አባል፦ ባለፈው ዓመት የከተማችን ቤተ መጻሕፍት በመዘግየት ላይ የሚጥለውን ቅጣት ሲያስቀር፣ ለረጅም ጊዜ ሳይመለሱ የቆዩ በርካታ መጻሕፍት ተመለሱ። እንግዲያው የውኃ ሂሳብ ዘግይተው በሚከፍሉ ደንበኞች ላይ የሚጣለውን ቅጣት ብናስቀር፣ የተጠራቀመው ውዝፍ ይገባል።»

መጀመሪያ ድምዳሜውን ለዩ። ድምዳሜው ስለ ውኃ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ማስረጃ ሆኖ ነው የመጣው። ረቂቅ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር በቂ ነው። ከላይ «መጻሕፍት፦ ቅጣት ቀረ፣ ተመለሰ»፤ ከታች «ውኃ፦ ቅጣት ይቅር፣ ይከፈላል?» ብላችሁ ጻፉ። የላይኛውን ምንጭ፣ የታችኛውን መድረሻ እላቸዋለሁ። ከምንጩ ወደ መድረሻው እንዲሻገር የተፈለገው ነገር «ቅጣት ሲቀር ሰው የያዘውን ያስረክባል» የሚለው ነው።

አሁን «በምን ምክንያት?» ብላችሁ ጠይቁ። መጽሐፍ ይዞ የቆየ ሰው ቅጣቱ ሲቀር ለምን ይመልሳል? መጽሐፉን መመለስ ራሱ ምንም ስለማያስወጣው ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ያራቀው ቅጣቱ ብቻ ነበር፤ ቅጣቱ ሲነሣ መሰናክሉ በሙሉ ተነሣ። ውኃው ጋ ስንመጣ ግን ቅጣቱ ቢነሣም ዋናው ዕዳ እንዳለ ይቀመጣል። ደንበኛው ያልከፈለው ቅጣቱ ከብዶት ከሆነ ንጽጽሩ ይሠራል፤ ዋናው ሂሳብ ከብዶት ከሆነ አይሠራም። የጥያቄው አንጓ እዚህ ላይ ነው፤ አማራጮቹን ሳታዩ በፊት ይህን ካገኛችሁ ሥራው ተገባደደ ማለት ይቻላል።

ጥያቄው «ሙግቱን ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው?» ቢሆንና አማራጮቹ እነዚህ ቢሆኑ፦

ሀ. ቤተ መጻሕፍቱ በባህል ቢሮ ሥር ሲተዳደር፣ የውኃ አገልግሎቱ ግን ራሱን የቻለ ድርጅት ነው።
ለ. የውኃ ደንበኞች ቁጥር ከቤተ መጻሕፍቱ ተጠቃሚዎች ቁጥር እጅግ ይበልጣል።
ሐ. ውዝፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ደንበኞች ዋናውን ሂሳብ መክፈል ያቃታቸው ናቸው፤ ቅጣቱ ከዕዳቸው ላይ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል።
መ. ቅጣቱ ከቀረ የውኃ አገልግሎቱ ከቅጣት ያገኝ የነበረውን ገቢ ያጣል።
ሠ. ከተመለሱት መጻሕፍት አንዳንዶቹ ተበላሽተው ነበር።

መልሱ ሐ ነው። ይበልጥ የሚያስተምሩት ግን የቀሩት አራቱ ናቸው፤ ምክንያቱም ፈተና አዘጋጆች በየጊዜው የሚያስቀምጡት እነዚህኑ ወጥመዶች በሌላ ልብስ ነው። ሀ እና ለ እውነተኛ ልዩነት ይናገራሉ። ማን እንደሚያስተዳድረው ወይም ስንት ሰው እንደሚጠቀም ግን አንድ ሰው ዕዳውን የሚከፍልበትንም ሆነ የማይከፍልበትን ምክንያት አይነካም። «ልዩነት ስለሆነ ያዳክማል» የሚለው አስተሳሰብ ነው ሰውን እዚህ የሚጥለው። መ ለየት ይላል፤ የምክር ቤት አባሉ «ይጠቅመናል» ቢል ኖሮ ይነካው ነበር። እሱ ያለው ግን «ውዝፉ ይገባል» ብቻ ነው። ያልተባለ ድምዳሜን መምታት ነጥብ አያስገኝም። ሠ የምንጩን ዝርዝር ያነሣል እንጂ መጻሕፍቱ መመለሳቸውን እንኳ አይክድም።

እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን ሲያሳስት የማየው አንድ ነገር አለ። «መልሱ ሁለቱንም ጎን ማንሣት አለበት» ብለው ስለሚያምኑ፣ ስለ ምንጩ ብቻ የሚናገር አማራጭ ሲያዩ ወዲያው ይሰርዙታል። ከላይ ባለው ሠ ፋንታ እንዲህ የሚል ቢመጣስ? «ቅጣቱ በቀረበት ወር ቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞቹን ቤት ለቤት ልኮ መጻሕፍት አሰባስቦ ነበር።» ይህ ስለ ውኃ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ግን ሙግቱን ክፉኛ ያዳክማል። የአናሎጂ ሙግት ሁለት መገጣጠሚያ ስላለው ነው። አንደኛው ምንጩ ውስጥ ያለው የምክንያትና ውጤት ግንኙነት ነው፤ ሁለተኛው ከምንጩ ወደ መድረሻው ያለው ማሻገሪያ። መጻሕፍቱ የተመለሱት በቅጣቱ መቅረት ካልሆነ፣ መጀመሪያውኑ የሚሻገር ነገር የለም። ልብ በሉ፤ መጻሕፍቱ መመለሳቸውን አልካድንም። በእነዚህ ፈተናዎች መነሻ ሆኖ የተሰጠውን ነገር እንደ እውነት መቀበል ግዴታ ነው። የምንፈትሸው በመነሻውና በድምዳሜው መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

ማጠናከር ከተባልን ያንኑ አንጓ በተቃራኒው እንይዘዋለን፦ «ውዝፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ደንበኞች ዋናውን ሂሳብ መክፈል ይችላሉ፤ ያልከፈሉት የተቆለለውን ቅጣት አብረው እንዲከፍሉ ስለሚገደዱ ነው።» እንዲህ ያለ አማራጭ ካለ መልሱ እሱ ነው። «ቤተ መጻሕፍቱም የውኃ አገልግሎቱም አንድ ዓይነት የኮምፒውተር መመዝገቢያ ይጠቀማሉ» የሚል ቢመጣ ግን መመሳሰል ጨመረ እንጂ ሙግቱን አልረዳም። ዋናው የመመሳሰሉ ብዛት አይደለም፤ ከሚሻገረው ነገር ጋር መያያዙ ነው።

ያልተነገረውን ግምት አውጡ በሚለው ጥያቄ ላይ ደግሞ መጠን ይለካል። ሙግቱ የግድ የሚያስፈልገውን ትንሹን ነገር ነው የምንፈልገው። «የውኃ ደንበኞች ሁሉ ቅጣቱ ሲቀር ወዲያው ይከፍላሉ» የሚል አማራጭ በጣም ሰፊ ነው፤ ሙግቱ ይህን ያህል አይጠይቅም። «ውዝፍ ካለባቸው ደንበኞች ቢያንስ የተወሰኑት እንዳይከፍሉ ያደረጋቸው ቅጣቱ ነው» የሚለው ግን ያስፈልገዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አማራጩን ገልብጡትና ሙግቱ ይቆም እንደሆነ እዩ። «ቅጣቱ አንድም ደንበኛ እንዳይከፍል አላደረገም» ካልን፣ ቅጣት ቢቀር ውዝፍ ይገባል ማለት ትርጉም ያጣል። ሲገለበጥ ሙግቱን የሚያፈርሰው አማራጭ መልሱ ነው።

ከዚሁ ጋር የድምዳሜውን ጉልበት አስተውሉ። «ውዝፉ ይገባል» እና «ከውዝፉ ከፊሉ ሊገባ ይችላል» እኩል አይደሉም። ድምዳሜው ዝቅ ባለ ቁጥር ንጽጽሩ የሚሸከመው ይቀላል፤ ሙግቱም ይጠነክራል። ምንጩ አንድ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን የመብራት፣ የስልክና የቤት ኪራይ ቅጣት የቀረባቸው ቦታዎች ቢሆኑም ይጠነክራል፤ በተለይ እነዚያ ዋና ዕዳ ያለባቸው ስለሆኑ ለውኃው ይቀርባሉ።

ስህተቱን ንገሩ የሚለው ላይ የአማራጮቹ ቋንቋ ራሱ ፈተና ነው፤ ረቂቅና ጠቅላላ ሆኖ ነው የሚጻፈው። ትክክለኛው ብዙውን ጊዜ «ሁለት ጉዳዮች ለድምዳሜው በሚያስፈልግ ነገር ሊለያዩ እንደሚችሉ ግምት ውስጥ አያስገባም» ዓይነት መልክ አለው። አጠገቡ የሚቀመጠው ዋነኛ አሳሳች «ወካይ ካልሆነ ናሙና ስለ ጠቅላላው ይደመድማል» የሚለው ነው። ሁለቱን ለመለየት የድምዳሜውን ባለቤት ተመልከቱ። ከጥቂት የውኃ ደንበኞች ተነሥቶ ስለ ውኃ ደንበኞች ሁሉ ከደመደመ የናሙና ጉዳይ ነው። ከቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ ስለ ውኃ ከደመደመ አናሎጂ ነው። የምክር ቤት አባሉ የቤተ መጻሕፍቱን ተጠቃሚዎች የውኃ ደንበኞች ናሙና አድርጎ አላቀረበም።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሎጂክ ኮርስ ለሚወስዱ አንድ ቃል ልጨምር። ዊክ አናሎጂ (ደካማ ንጽጽር) የሚባለው ፋላሲ፣ ማለትም የአመክንዮ ስህተት፣ በደካማ ኢንዳክሽን (ድምዳሜውን እርግጠኛ ሳይሆን ሊሆን የሚችል ብቻ በሚያደርግ ሙግት) ሥር፣ ከችኩል ጠቅለላና ከሐሰተኛ ምክንያት ጋር ተመድቦ ነው የሚሰጠው። ብዙ ተማሪ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት «አናሎጂ ካየህ ዊክ አናሎጂ በል» የሚል ይሆናል። ይህ ነጥብ ያስጥላል። አናሎጂ በራሱ ስህተት አይደለም፤ ሐኪሞችም፣ ዳኞችም፣ መሐንዲሶችም በየቀኑ ይሠሩበታል። ፋላሲ የሚሆነው የጋራው ባሕርይ ከሚሻገረው ባሕርይ ጋር ሳይያያዝ ሲቀር ነው። «የአልማዝ ስልክ ጥቁር ነው፣ ባትሪውም ሁለት ቀን ይቆያል፤ የኔም ስልክ ጥቁር ነው፣ ስለዚህ ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል» ቢባል ቀለም ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው? ያው ሰው «ሞዴሉም፣ የባትሪው ዕድሜም፣ አጠቃቀማችንም አንድ ነው» ቢል ግን ጥሩ ኢንዳክሽን ነው፤ ፋላሲ ብሎ መመለስ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ኋላ ያልኳቸው ሁለቱ ዓይነቶች። የመጀመሪያው አናሎጂን ለማፍረሻ የሚጠቀመው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሰዎች ንግግር ይመጣል።

«ሀና፦ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚገቡ ተማሪዎች ውጤት ከማይገቡት ያነሰ ነው። ስለዚህ ማጠናከሪያው ውጤት ያወርዳል። ዮናስ፦ እንዲህ ከሆነማ ጋራዥ ውስጥ ያሉ መኪኖች መንገድ ላይ ካሉት ይልቅ የተበላሹ ስለሆኑ፣ ያበላሻቸው ጋራዡ ነው ልንል ነው።»

እዚህ ላይ ዮናስ ተማሪና መኪና ይመሳሰላሉ አላለም። ያለው «ያንቺ አካሄድ ይህን የመሰለ የማይሆን ድምዳሜም ያመጣል» ነው። የሚያነጻጽረው የሙግቱን ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ «መኪና አይማርም» የሚል አማራጭ ዮናስን አይነካውም። ሁለተኛው ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዮናስ ማጠናከሪያ ውጤት ከፍ ያደርጋል አላለም፤ ማጠናከሪያ ውጤት አያወርድም ብሎም አላረጋገጠም። ያሳየው የሀና ድምዳሜ ከመነሻዋ እንደማይከተል ብቻ ነው። ስለዚህ «የሀና ድምዳሜ ሐሰት መሆኑን ያረጋግጣል» የሚለው አማራጭ ስህተት ሲሆን፣ «ተመሳሳይ አካሄድ ተቀባይነት ወደሌለው ድምዳሜ እንደሚያደርስ በማሳየት የሀናን አካሄድ ይሞግታል» የሚለው ትክክል ነው። በእነዚህ ሁለት አማራጮች መካከል የሚቀሩ ተፈታኞች ብዙ ናቸው፤ የሚለያቸው «ድምዳሜ» እና «አካሄድ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ በአሠራሩ ከላይኛው ሙግት ጋር የሚመሳሰለውን ምረጡ የሚለው ነው። አናሎጂውን የምንሠራው እኛው ነን። ርዕሰ ጉዳዩ ከቁም ነገር አይገባም፤ እንዲያውም ርዕሱ የሚመሳሰለው አማራጭ ብዙ ጊዜ ማታለያ ነው። ለምሳሌ፦ «የማታ ተማሪ የሆነ ሁሉ ቀን ይሠራል። ሰላም ቀን ትሠራለች። ስለዚህ ሰላም የማታ ተማሪ ናት።» ከአማራጮቹ አንዱ «የቀን ተማሪ የሆነ ሁሉ ማታ ያጠናል፤ ዳዊት የቀን ተማሪ ነው፤ ስለዚህ ማታ ያጠናል» ይላል። ርዕሱ አንድ ነው፣ አካሄዱ ግን ትክክለኛ ሙግት ስለሆነ ከተሳሳተው ጋር አይዛመድም። ሌላው «ዘይት የጎደላቸው ሞተሮች አብዛኞቹ ይግላሉ፤ ይህ ሞተር ግሏል፤ ስለዚህ ዘይት ሳይጎድለው አይቀርም» ይላል። አካሄዱ ይቀርባል፤ ነገር ግን «ሁሉ» የነበረው «አብዛኞቹ»፣ እርግጠኛ የነበረው ድምዳሜ «ሳይሆን አይቀርም» ሆኗል። «ዘይት የጎደለው ሞተር ሁሉ ይግላል፤ ይህ ሞተር ግሏል፤ ስለዚህ ዘይት ጎድሎታል» የሚለው ነው መልሱ።

ጊዜ ለመቆጠብ የድምዳሜዎቹን ዓይነት ብቻ መጀመሪያ አስተያዩ። ዋናው ሙግት «ነው» ብሎ ከደመደመ፣ «መሆን አለበት»፣ «ሊሆን ይችላል» ወይም «አይደለም» የሚሉትን ሳታነቡ ማራቅ ትችላላችሁ። ከዚያ የብዛት ቃላትን፣ ቀጥሎ አሉታዊውን። የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ግን አይቆጠርም፤ ድምዳሜው መጀመሪያ ቢመጣም መጨረሻ ቢመጣም አካሄዱ ያው ነው።

በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና አፕቲትዩድ ላይ የሚመጣው የቃላት ዝምድና፣ እንዲሁም በእስራኤል ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሰጠው ፕሲኮሜትሪ ውስጥ ያለው፣ ከዚህ ያጠረ ነው እንጂ መሠረቱ አንድ ነው። ሁለቱን ቃላት በአንድ ጥብቅ ዓረፍተ ነገር ማሰር ነው ሥራው። «ሸማኔ : ፈትል» ቢሰጥና «ሸማኔ በፈትል ይሠራል» ብንል፣ «አናጺ : መዶሻ»ም «አንጥረኛ : ወርቅ»ም ይገቡበታል። ዓረፍተ ነገሩን እናጥብቀው፦ «ሸማኔ ፈትልን ወደ ሌላ ዕቃ ይለውጠዋል።» አሁን መዶሻው ወደቀ፤ መሣሪያ ነውና ሥራው ሲያልቅ እንዳለ ይቀራል። «ሸክላ ሠሪ : ጀበና» ደግሞ የተሠራው ዕቃ እንጂ ጥሬ ዕቃው ስላልሆነ ይወድቃል። «ብር : አንጥረኛ» ቢመጣ ዝምድናው ትክክል ሆኖ ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ አይሆንም። ለልምምድ የሚሆን ጥያቄ ለሚያጥራችሁ፣ የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ ይህን ዓይነት ጥያቄ በ2005፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያው ጂአርኢ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ስላስቀሩ፣ ከዚያ በፊት የታተሙት የድሮ መለማመጃዎቻቸው ዛሬም ይጠቅማሉ። አዲሶቹ ላይ አታገኙትም።

ስትለማመዱ መጀመሪያ ያለ ሰዓት ሥሩ። ለእያንዳንዱ የተሳሳታችሁት ጥያቄ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምንጩ ውስጥ ያለው ምክንያት ምን ነበር፣ መድረሻው ጋ መኖሩ ተነግሯል ወይ፣ የሳባችሁ የተሳሳተ አማራጭ ከየትኛው ወገን ነው። የማይያያዝ ልዩነት፣ የምንጩ ትርፍ ዝርዝር፣ ወይስ ያልተባለ ድምዳሜ? ጥቂት ጥያቄ ከሠራችሁ በኋላ አንዱ ወገን ደጋግሞ እንደሚጥላችሁ ታያላችሁ፤ ልምምዱን ወደዚያ አዙሩት።

የፈተናው ዕለት «በአሠራሩ የሚመሳሰለውን ምረጡ» የሚለውን ባያችሁበት ቦታ አትሥሩት። አንዱን ጥያቄ ለመመለስ ስድስት ሙግት ማንበብ ስለሚጠይቅ የሁለት ጥያቄ ጊዜ ይበላል፤ ነጥቡ ግን ከሌሎቹ እኩል አንድ ነው። ኤልሳት ላይ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ፣ የሆነ ፊደል መርጣችሁ፣ ምልክት አድርጋችሁበት እለፉ፤ የክፍሉን ሌሎች ጥያቄዎች ስትጨርሱ በተረፋችሁ ደቂቃ ተመለሱበት።